ቸርኬው የተመታበት ምክንያት

የጭነት መኪና ቸርኬ ነበር። ከመጋዘኑ በር ፊት ለፊት ከቆመው ባሕር ዛፍ ላይ በወፍራም ሽቦ ታስሮ ተሰቅሏል፤ ከጎኑ ደግሞ ክንድ የሚያህል ብረት ተንጠልጥሎለታል። እሳት ሲነሣ በዚያ ብረት ይመታል። ንፋስ መውጫ ውስጥ በዚያን ዘመን ለእሳት የሚጮህልን ሌላ ነገር አልነበረም፤ የሰው ጉሮሮ ካልሆነ። የሰው ጉሮሮ ደግሞ በዚያ ከተማ ንፋስ ሩቅ አይሄድም።

ባለቤቴ ከሞተ ዛሬ ሃያ ስምንት ቀን ሆነው። ይህን መጻፍ ከጀመርኩ ሳምንት አልፎኛል፤ በቀን አንድ ገጽ ጽፌ አስቀምጠዋለሁ። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። የማኅበሩ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ሳለሁ ተናጋሪው ሳይጨርስ እኔ እጨርስ ነበር። አንድ ቀን ግን አንዲት ቃል ሆን ብዬ ሳልጽፍ አለፍኩ። በእሷ ምክንያት ሁለት ሰዎች ያልሠሩትን ተሸከሙ፤ አንደኛው ባለቤቴ ነው። አሁን የምጽፈው ያቺን ቃል ወደ ቦታዋ ለመመለስ ነው።

መጋዘኑ የገበሬዎች ማኅበር ነበር። ረጅም የቆርቆሮ ቤት ሆኖ በትልቁ ክፍል ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ይከማችበታል። ከኋላው ባዶ ጆንያ የምትጣልባት ትንሽ ክፍል አለች፤ ከትልቁ ክፍል የምትለየው በአጣና ግድግዳ ነው፣ ግድግዳው ግን እስከ ጣሪያው አይደርስም። የዚያች ክፍል በር የሚከፈተው ወደ እኛ ማድቤት ነው። እኛ የምንኖረው እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ማኅበሩ በሰጠን ሁለት ክፍል ቤት ነበር። ባለቤቴ የእስቴ ሰው ነው፤ የመጋዘኑ ኃላፊ ሆኖ ሲመደብ ነው ወደ እኔ አገር ወደ ጋይንት የመጣው።

የቸርኬውን አመታት ሥርዓት ያወጣው እሱ ነው። ሦስት ጊዜ ተመትቶ፣ ዐርፎ፣ እንደገና ሦስት ከተመታ ስብሰባ ነው። ሁለት ሁለት ከሆነ የጥበቃ ጓዶች ይምጡ ማለት ነው። ሳያቋርጥ ከተመታ እሳት ነው፤ ሁሉም የያዘውን ጥሎ ውኃና አፈር ይዞ ይሮጣል። ይህን እኔ በካርቶን ላይ በቁም ጽሕፈት ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩት። የእጅ ጽሑፌ ያማረ ነው ይሉ ነበር፤ እኔም እንደዚያ ሲባል ደስ ይለኝ ነበር።

ባለቤቴ ነገሮችን በየዓይነታቸው መለየት የሚወድ ሰው ነው። ቸርኬው ለእሳት በተመታ ቁጥር የሚመዘግብበት ደብተር ነበረው። ቀን፣ ሰዓት፣ የመታው ሰው፣ ከዚያ በመጨረሻው ዓምድ «የተመታበት ምክንያት»። በዚያ ዓምድ ውስጥ የሚጽፋቸው ቃላት አምስት ብቻ ናቸው። የሥጋ ቤቱ ጎጆ የነደደ ዕለት «እውነት» ብሎ ጻፈ። ከገደሉ ሽቅብ የወጣ ጉም ጭስ መስሎ ሰው ያስሮጠ ዕለት «ስሕተት»። ንፋሱ በርትቶ ብረቱን ራሱን እያወዛወዘ ቸርኬው ላይ ያጋጨው ጊዜ «ንፋስ»። አንድ ሰካራም ጓደኛውን ከጠላ ቤት ለማስወጣት ብሎ የመታው ዕለት «ተንኮል»። ከአውራጃ የመጡ ሰዎች ሕዝቡ እንዴት እንደሚሮጥ ለማየት ያስመቱት ዕለት «ልምምድ»።

«ለምን ትደክማለህ?» አልኩት አንድ ቀን። «ለሚሮጠው ሰው ሁሉም አንድ ነው።»

«ለሚሮጠው አንድ ነው» አለኝ። «ለመታው ግን አንድ አይደለም። ተንኮልና ስሕተት አንድ ላይ ከተጻፉ የተሳሳተው ሰው ተንኮለኛ ሆኖ ይቀራል።»

ይህን ያለኝ ከነገሩ በፊት ነው። ሰምቼው ነበር ለማለት ነው የምጽፈው።

ቸርኬውን የሚመቱት የመጋዘኑ ዘበኛ ነበሩ። ሽማግሌ ናቸው፤ በወጣትነታቸው እዚያው ጋይንት ቤተ ልሔም በተባለው ገዳም ዜማ ሊማሩ ገብተው አልገፋላቸው ሲል እዚያው አካባቢ ባለ አንድ ደብር ደወል ደዋይ ሆነው ኖሩ። በኋላ ኑሮ ሲከብዳቸው ወደ ከተማ ወጥተው ተቀጠሩ። በጉሙ ቀን ያሯሯጡት እሳቸው ስለሆኑ የገበያ ሰው ባያቸው ቁጥር «አባባ፣ ዛሬ ጉሙን አላጠፉልንም እንዴ?» ይላቸዋል። እሳቸውም «ጉምም ቢሆን ከጣሪያ ሥር ሲወጣ አልወደውም» ይሉና ይስቃሉ። መሳቅ ይችሉ ነበር በዚያን ጊዜ።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልምጣ።

እኔ ከጎረቤት ሴቶች ጋር የእመቤታችን የጽዋ ማኅበር ነበረኝ። በየወሩ አንዷ ተረኛ ሆና ጠላ ትጠምቃለች፣ ዳቦ ትጋግራለች፣ ቄስ ይባርካል። በአዋጅ የተከለከለ አልነበረም፤ ግን የመንግሥት ሥራ የያዘ ሰው ሚስት ጽዋ ስትጠጣ ከታየች የባሏ ስም በስብሰባ ይነሣል። የሰኔው ተራ የእኔ ነበር። ባለቤቴ ለአንድ ሳምንት ስብሰባ ደብረ ታቦር ሲጠራ ከመውጣቱ በፊት እንዲህ አለኝ፦

«የዚህን ወር ተራሽን ለሌላ አሳልፊ። ስሜ በየቦታው እየተነሣ ነው፤ ስመለስ የመጋዘኑን ዘር ላከፋፍል ነው፣ እስከዚያ ወሬ አታስነሺብኝ።»

«እሺ» አልኩት።

የመጋዘኑን ቁልፎች በገመድ አስሮ ሰጠኝ። «ዝናብ ከጣለ ገብተሽ ጣሪያው ማፍሰስ አለማፍሰሱን እዪልኝ። ለሌላ ነገር እንዳትከፍቺው። አደራ።»

«እሺ» አልኩት እንደገና።

ተራዬን ግን ለሌላ አላሳለፍኩም። ሴቶቹ «ባሏን ፈርታ እመቤታችንን ተወች» እንዳይሉኝ አፈርኩ። ያን ጊዜ ማፈር የሚገባኝ በምን እንደነበረ አላወቅሁም ነበር።

ጠላ ለመጥመቅ ጋኑ መታጠን አለበት። ይህን የማያውቅ ሰው ካለ፣ የወይራ ስንጣሪ በገል ላይ ባለ ፍም ላይ ይደረግና ጋኑ በላዩ ይደፋል፤ ጭሱ ሆዱ ውስጥ ገብቶ እስኪጠግብ ይቆያል። ጥሩ ጠማቂ ጭሱ ወደ ውጭ እንዳይባክን አፉን በጨርቅ ታፍነዋለች። ሰው ሁሉ የሚያጥነው ግቢው ውስጥ ነው። እኔ ግቢያችን የቢሮውም ግቢ ስለሆነ፣ ወይራ ከሸተተ ለምን እንደሆነ የማይገባው ሰው ስለሌለ፣ ጋኑን እያንከባለልኩ የኋላዋን የጆንያ ክፍል ከፍቼ አስገባሁት። መሬቱ አፈር ነው፤ ጆንያዎቹን ወደ ጥግ ገፋሁ። ፍሙን በገል አመጣሁ፣ ወይራውን ጨመርኩ፣ ጋኑን ደፋሁበት። በሩን ቆለፍኩና ጌሾ ልወቅጥ ወደ ማድቤት ገባሁ። አደራ የተባልኩበት ቁልፍ በደረቴ ነበር።

የገበያ ቀን ነበር። ሽብልቅ አላደረግሁለትም መሰለኝ ጋኑ በአንድ ወገን ተነሥቶ ጭሱ ሁሉ ወደ ክፍሉ ወጣ። ከዚያ በአጣናው ግድግዳ አናት ተሻግሮ በዘሩ ላይ ተንሳፈፈና ከፊት ለፊት በክፈፉ ሥር ወደ ውጭ መውጣት ጀመረ። ይህን የማውቀው በኋላ ሰዎች ሲያወሩ ሰምቼ ነው። እኔ የሰማሁት ቸርኬውን ነው። ሳያቋርጥ።

የጌሾውን ዘነዘና እንደያዝኩ ቆምኩ። ወዲያው ገባኝ። በዚያች ደቂቃ ወደ ፊት ለፊት ሮጬ ወጥቼ «ጋን እያጠንኩ ነው! እሳት አይደለም!» ማለት እችል ነበር። ሌላ ምንም አያስፈልግም ነበር። ሰዎች ይስቁ ነበር፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር ይቆጣ ነበር፣ ባለቤቴ ይገሠጽ ነበር፣ ያልቅ ነበር።

እኔ ግን ወደ ኋላ በር ሮጥኩ። ለጌሾው ያዘጋጀሁትን ውኃ ፍሙ ላይ ቸለስኩት፤ ጭሱና እንፋሎቱ ከበፊቱ በረታ። ገሉን በቀሚሴ ጫፍ ይዤ ወደ ምድጃው ወረወርኩ። ጋኑን እያንከባለልኩ ወደ ማድቤት አስገባሁና ጆንያ ጣልኩበት። የክፍሉን ወለል በእግሬ አፈር አለበስኩት። በሩን ቆለፍኩ። ይህን ሁሉ ስሠራ ከፊት ለፊት የሕዝቡ ድምፅ እየቀረበ ነው።

«እሳት! ዘሩ ነደደ!»

«ውኃ አምጡ! ኧረ አፈር!»

«ቁልፍ የያዘ ሰው የለም?»

«ሰውዬው ደብረ ታቦር ነው!»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ፣ ስበረው!»

ዞሬ ፊት ለፊት ስደርስ አንድ ሰው በሩን በመጥረቢያ እየመታ ነበር። ቁልፉ ደረቴ ላይ ይቀዘቅዘኛል። አላወጣሁትም። በሩ ተሰበረ፤ ገበያተኛው ጎርፍ ሆኖ ገባ፤ በእንስራ፣ በቅል፣ በባልዲ ውኃውን ጭሱ ወዳለበት ደፉት። ጭሱ ያለው ከዘሩ በላይ ነው። እኔስ? እኔም አንድ ባልዲ ውኃ ይዤ ነበር። ባዶ እጄን ከታየሁ ምን ይሉኛል ብዬ ይዤ የመጣሁት ነው። እኔም ደፋሁት፤ ለዘር በተመረጠው ስንዴ ላይ፣ በገዛ እጄ።

ጭሱ ሲሳሳ ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

«እሳቱ የታለ?»

«አመድ እንኳ የለም እኮ!»

«አባባ፣ እሳቱን ኪስዎ ከተቱት እንዴ?»

ሳቅ ሆነ። ዘበኛው ብረቱን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው ነበር። አልሳቁም። አፍንጫቸውን ወደ ላይ አድርገው ያሸታሉ፤ ለሌላው ሰው የቀረው የረጠበ ጆንያና የማዳበሪያ ሽታ ብቻ ነበር።

ባለቤቴ በማግስቱ ወደ ማታ ገባ። ወሬው መንገድ ላይ ደርሶት ነበር። እርጥቡን ዘር ያሰጣንበትን ሜዳ አየ፣ የተሰበረውን በር አየ። ከዚያ ወደ ማድቤት ገብቶ ጆንያውን ከጋኑ ላይ አነሣ። ጎንበስ ብሎ አፉን አሸተተ።

«ጋኑን አጥነሽዋል» አለኝ።

«አዎ።»

«የት?»

«ጓሮ» አልኩት። «ትናንት ሳይሆን ከትናንት በስቲያ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ይሁን» ብሎ እጁን ሊታጠብ ወጣ።

ስብሰባው በነጋታው ጠዋት ነበር። ቢሮው ሞልቶ ሰው ደጅ ቆሟል። እኔ እንደወትሮው ከሊቀመንበሩ ጎን ጠረጴዛው ላይ ወረቀትና ብዕር ይዤ ተቀመጥኩ። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ከበላይ ሰው መጥቶ «ዘሩ ለምን ረጠበ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት መልስ ማግኘት ነበረበት።

«ጓዶች» አለ። «እሳት ነው እንዳንል አመድ የለም። ንፋስ ነው እንዳንል ሰው መትቶታል። ልምምድ ነው እንዳንል ያዘዘ የለም። ታዲያ ምን ቀረን? ሕዝብ ጠርቶ የገበሬውን ዘር ማበላሸት ስሙ ምንድን ነው?»

ስሙን ሁሉም ያውቀዋል፤ አሻጥር ነው። በዚያን ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚወሰድም ሁሉም ያውቃል። በባለቤቴ ደብተር «ስሕተት» የሚል ቃል ነበረ፤ ሊቀመንበሩ ግን እሱን አልቆጠረውም።

ዘበኛው ተነሡ። «እኔ ጭስ አይቻለሁ።»

«ጉሙንም ጭስ ብለውት ነበር አባባ።»

«የጉሙ ቀን ዓይኔ ተሳስቷል፤ አልክድም። የአሁኑን ግን አፍንጫዬም ያውቀዋል። የወይራ ጭስ ነው።»

«ወይራ?» አለ ሊቀመንበሩ። «መጋዘን ውስጥ? ምነው፣ ስንዴው ጠላ ሊጠምቅ ነው?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሴቶቹ፣ የጽዋ ማኅበር ጓደኞቼ፣ ተራው የእኔ እንደሆነ የሚያውቁት፣ እነሱም ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን ወደ መሬት ነበር። እኔም ሳቅሁ። የሳቄ ድምፅ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ከዚያ ብዕሬን አነሣሁ። «ዘበኛው፦ ጭስ አይቻለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ የሚመጣው «የወይራ ጭስ ነው» ነበር። ብዕሬ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ቀና ስል ባለቤቴ ከግድግዳው ተደግፎ እኔን ሳይሆን ብዕሬን እያየ ነው። ጊዜ የሰጠኝ ይመስለኛል። ብዙ ጊዜ። ነጥብ አድርጌ ወደሚቀጥለው መስመር ወረድኩ።

ያኔ ከግድግዳው ተነሣ።

«ልምምድ ነው» አለ። «ያዘዝኳቸው እኔ ነኝ።»

ሊቀመንበሩ ዞረበት። «መቼ ጓድ?»

«ከመሄዴ በፊት። እኔ በሌለሁበት ሕዝቡ ቶሎ ይደርስ እንደሆነ ለማወቅ ፈልጌ።»

«ለቢሮው ሳታሳውቅ? ዘሩ መጋዘን ውስጥ እያለ?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ቁልፉስ? በር ሲሰበር ቁልፉ የት ነበር?»

«እኔ ዘንድ» አለ።

ዘበኛው ከተቀመጡበት ተነሡ። «ኧረ እኔን ያዘዘኝ የለም! ምን ነካህ ልጄ?»

«ረስተውት ነው አባባ።»

«አልረሳሁም!»

«ረስተውት ነው» አለ ባለቤቴ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «እባክዎ አባባ። ታዝዘው ነው።»

ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ወረቀቴን። ዕድሜያቸውን ሁሉ ትክክለኛውን ሰዓት ሲደውሉ የኖሩ ሰው ናቸው። «እንግዲህ እናንተ ካላችሁ» ብለው ቁጭ አሉ።

ቃለ ጉባኤው ይነበብ ተባለ። ተነሥቼ አነበብኩት፤ በጥሩ ድምፅ፣ ሳልደናቀፍ።

ባለቤቴ ያለ ፈቃድ ልምምድ በማድረጉ ከኃላፊነቱ ተነሥቶ ወደ ስማዳ፣ ወገዳ ላለ መጋዘን ሚዛን ያዥ ሆኖ ተላከ። ሁለት ክረምት እዚያ ከረመ። መንገዱ በክረምት ስለማያሻግር በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር የሚመጣው። ዘበኛው ደግሞ «ታዝዞ መትቶ ጭስ አየሁ ይላል፣ አእምሮውም ዓይኑም ደክሟል» ተብለው ተሰናበቱ። ዘሩ ከፊሉ አብጦ በቀለ፤ የተረፈውን ገበሬው ዘርቶት በነሐሴ አለፍ ብዬ ሳይ ማሳው እንደ ታመመ ሰው ጠጉር ሳስቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ አልሄድም፤ በላይኛው ዞሬ እሄዳለሁ።

ባለቤቴ ከወገዳ ከተመለሰ በኋላ ብዙ ዓመት አብረን ኖርን። አንድም ቀን አላነሣውም። እኔም «ለሽማግሌው አዝኖ ነው ያን የተናገረው፤ ስለ ጓሮው ግን አምኖኛል» እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ብዕሬን ሲያየው እያየሁት፣ እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሰው የሚመቸውን ለማመን ብዙ አይደክምም።

በዚህ ዓመት ደረቱን ታሞ ሞተ። ከቀብሩ ሳምንት በኋላ ሣጥኑን ስከፍት ከልብሶቹ ሥር ያ ደብተር ወጣ። ማኅበሩ ፈርሷል፣ ቸርኬው የት እንደደረሰ አይታወቅም፣ ደብተሩ ግን አለ። ገጹን አገላብጬ የዚያን የሰኔ ቀን አገኘሁት። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የመታው፦ ዘበኛው። የተመታበት ምክንያት በሚለው ውስጥ «ልምምድ» የሚል ይኖራል ብዬ ጠብቄ ነበር። በሕዝብ ፊት የተናገረው እሱ ነውና።

«እውነት» ይላል።

ሌላ ምንም የለም። ወይራ አይልም፣ እኔን አያነሣም። ለሥጋ ቤቱ ጎጆ በጻፈበት በዚያው ቀለም፣ በዚያው እጅ፣ «እውነት»።

ከሣጥኑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሴቶች ለሞተው የማለቅስ መስሏቸው አባበሉኝ።

በማግስቱ ደብተሩን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ቤተ ልሔም በኩል ሄድኩ። ዘበኛው በሕይወት እንዳሉ ሰምቼ ነበር። ልጃቸው ቤት ደጅ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እጅግ አርጅተዋል። ከል መልበሴን ሲያዩ ገባቸው።

«ሞተ?» አሉኝ።

«ሞተ አባባ።»

«ነፍሱን ይማር። ደግ ሰው ነበር። እኔን ያስዋሸኝ እሱ ብቻ ነው።»

ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ጋኑን፣ ቁልፉን፣ ባልዲውን፣ ያልጻፍኳትን ቃል። ሳላቋርጥ ነገርኳቸው። ስጨርስ እጃቸውን ዘረጉ፤ ደብተሩን ሰጠኋቸው። ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ያቺን ቃል ፈለጉና ጣታቸውን አኖሩባት።

«ወይራ ነበር» አሉ።

«ወይራ ነበር አባባ።»

«እኔ እኮ ከዚያ ቀን ወዲህ ጭስ ሳይ ሰው እጠይቃለሁ። 'ይታይሃል?' እላለሁ። ልጆቹ ይቀልዱብኛል፤ ዝናብ ሲመጣ 'አባባ ዝናቡ ይታይዎታል?' ይሉኛል። ባለፈው ጥር የጎረቤቴ የገብስ ክምር ጨሰ። አየሁት። ሸተተኝም። ምራቴን 'ይታይሻል?' ልላት ብጠራት ውኃ ወርዳለች። ሌላ ሰው እስኪያልፍ ጠበቅሁ። አልጮህኩም። ሰው ሲመጣ ክምሩ አልቋል።»

ፊቴን የማስገባበት አጣሁ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ይቅር ይበሉኝ አባባ።»

«ተነሺ» አሉኝ፤ ሳይቆጡ። «ለእሱ ያኔውኑ ይቅር ብያለሁ፤ ለምን እንዳደረገው ባላውቅም ዓይኑን አይቻለሁ። የአንቺን ግን ገና ዛሬ መስማቴ ነው። ልዋሽሽ አልችልም፤ አንድ ጊዜ ዋሽቼ ያተረፍኩት የለም።»

«ምን ላድርግ?»

«ያኔ ቆመሽ አንብበሻል አይደል? ሰው ሁሉ እየሰማ?»

«አንብቤያለሁ።»

«እንግዲያው የጎደለውን ጽፈሽ አንብቢዋ። ተዝካሩ መቼ ነው?»

«በአርባው።»

«በቅሎ ከላክሽልኝ እመጣለሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ይቅርታው እንነጋገራለን።»

ይኸው እየጻፍኩ ነው። ቄሱ «በተዝካር ቀን የሟችን ስም ለምን ታነሺበታለሽ?» አሉኝ። የማነሣው የሟችን ስም አይደለም፣ የራሴን ነው አልኳቸው። የጽዋ ማኅበር ጓደኞቼ ወረቀቱን ሲሰሙ ይቆጡኝ ይሆናል፤ እነሱም ያን ቀን ስቀዋልና። የበቅሎውን ነገር ተነጋግሬ ጨርሻለሁ።

ዛሬ ጠዋት ለተዝካሩ ጠላ ጥንስሱ ሊጣል ስለሆነ ጋን ማጠን ነበረብኝ። ሴቶቹ «እኛ እናጥንልሽ፣ አንቺ ሐዘንተኛ ነሽ» ብለው ነበር፤ እምቢ አልኩ። ጋኑ ያው ነው፤ ያኔም የእሱን አፍ ነው ባለቤቴ ያሸተተው። ግቢው መሐል አመጣሁት፣ ወይራውን ፍሙ ላይ አደረግሁ፣ ደፋሁት። አፉን በጨርቅ አላፈንኩትም። ንፋሱ ጭሱን አንሥቶ በአጥሩ ላይ ወደ መንገዱ ወሰደው።

ወዲያው ጎረቤቴ ከአጥር ማዶ ጮኸች። «ኧረ ምንድን ነው የሚነደው? እናንተ ቤት ነው?»

ተነሥቼ ቆምኩ። በአሥራ ሁለት ዓመት ዘግይቶ፣ ለሌላ ሰው፣ ለሌላ ጭስ ነው፤ ግን ያቺኑ ቃል ነው የጮህኩት።

«ጋን እያጠንኩ ነው! እሳት አይደለም!»

«አንቺ ሴትዮ፣ አስደነገጥሽኝ እኮ! ባልዲ አንሥቼ ነበር» አለች፤ ስትስቅ ይሰማኛል። «ወይራውን ቀንሺው!»

«እሺ» አልኳት።

ቁጭ ብዬ ይህን ወረቀት እንደገና አወጣሁ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ከሁሉም በላይ፣ በቁም ጽሕፈት፣ ሽማግሌው ሳይቸገሩ እንዲያነቡት አድርጌ እንዲህ ጻፍኩ፦

ዘበኛው፦ ጭስ አይቻለሁ። የወይራ ጭስ ነው።